ወንዙን የሚበክለው የትኛው መሬት ነው? ተፋሰስን በኮምፒውተር ሞዴል አጥንቶ ስራውን ትክክለኛው ቦታ ላይ ማሳረፍ

አንድ ወንዝ ተበከለ ሲባል ቶሎ ሚመጣው ሀሳብ ተፋሰሱን በሙሉ ማልማት ነው፣ እዚም እርከን እዛም ችግኝ፣ ያለው በጀት ለሁሉም እንዲዳረስ ተብሎ ይበታተናል። ፍትሃዊ ይመስላል ግን ወንዙ ላይ ብዙ ለውጥ አያመጣም፣ ምክንያቱም ብክለቱ ራሱ እኩል ተበትኖ አይደለም ያለው። አብዛኛው ደለልና ፎስፈረስ (ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር) ሚወጣው ከተፋሰሱ ትንሽ ክፍል ነው፣ ቁልቁለት ላይ ያለ የተራቆተ መሬት፣ ወንዝ ዳር ያለ ማዳበሪያ የበዛበት ማሳ፣ ከብት ሲረግጠው ሚውል ዳርቻ። እነዚህን ቦታዎች ቀድሞ ለይቶ ጉልበቱንም ገንዘቡንም እዛ ማሳረፍ ከተቻለ በትንሽ ወጪ ብዙ መቀነስ ይቻላል፣ ሞዴል፣ ማለትም ዝናቡ፣ አፈሩና እርሻው ወንዙ ላይ ምን እንደሚያመጡ በኮምፒውተር ሚያሰላ ፕሮግራም፣ ሚጠቅመን እዚጋ ነው። ቁጥሩ ራሱ ልክ ላይሆን ይችላል፣ "ከዚህ መሬት ያኛው ይብሳል" ሚለውን ደረጃ ግን በደንብ ከተሰራ በአብዛኛው በትክክል ያወጣል፣ እኛ ምንፈልገውም እሱን ነው። እስከመጨረሻው ይሄን ሀሳብ ያዙት፣ ብዙ ውሳኔ ያቀልላችኋል።

ሚያስፈልጋችሁ ደህና ላፕቶፕ፣ ኪውጂአይኤስ የተባለው ነጻ የካርታ ሶፍትዌር፣ ኢንተርኔት እና ትዕግስት ነው። ፕሮግራሚንግ ባትችሉም ይሰራል፣ ከቻላችሁ ግን በኋላ ላይ ብዙ ጊዜ ያተርፍላችኋል።

1. ጥያቄውን አጥብቡ

"ወንዛችን ተበክሏል" ሚለው ለሞዴል ጥያቄ አይሆንም። የትኛው በካይ፣ የት ቦታ ላይ ሲለካ፣ በስንት ይቀንስ፣ ይሄን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ለምሳሌ "ወንዙ ሐይቁ ውስጥ ሚገባበት ቦታ ላይ ሲለካ የዓመቱ ጠቅላላ ፎስፈረስ በ30 በመቶ ይቀንስ"። ይሄ ዓረፍተ ነገር ከሌለ መጨረሻ ላይ ሚያምር ካርታ ይኖራችኋል ግን ምን ልታደርጉበት እንደሆነ አታውቁም።

በካዩን መለየት ለምን እንዲ ወሳኝ ሆነ ካላችሁ፣ ሁሉም በየራሱ መንገድ ነው ሚሄደው። ፎስፈረስ አፈር ላይ ይጣበቃል ስለዚህ በብዛት ሚጓዘው ከደለል ጋር በጎርፍ ነው። ናይትሬትን (ከማዳበሪያና ከፍግ ሚመጣውን የናይትሮጅን አይነት) ግን አፈር አይዘውም፣ ሟሙቶ ወደታች ይሰርግና በከርሰ ምድር ውሃ ዞሮ ወንዝ ይገባል፣ ጉዞው ዓመታት አንዳንዴም አሥርት ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ለደለል አደገኛ የሆነ ዳገት ለናይትሬት ምንም ላይሆን ይችላል፣ ለናይትሬት ደግሞ ሜዳ ላይ ተኝቶ ምንም ማይመስል አሸዋማ ማሳ ዋናው ምንጭ ሊሆን ይችላል። በባክቴሪያ ከሆነ ጭንቀታችሁ ደሞ ሌላ ነው፣ ከብት፣ ሽንት ቤት፣ የተሰበረ የፍሳሽ መስመር። አንድ ካርታ ለሁሉም በካይ አይሆንም!

ፎስፈረስ ራሱ ሁለት አይነት ነው፣ ከአፈር ጋር ሚሄደውና ሟሙቶ ሚሄደው። የሰሜን አሜሪካው ኢሪ ሐይቅ ላይ የሆነውን ማወቅ እዚጋ ይጠቅማል። ወደ ሐይቁ ምዕራባዊ ጫፍ ሚገባው የማውሚ ወንዝ ተፋሰስ ገበሬዎች የአፈር መሸርሸርን ለመቀነስ ሳያርሱ መዝራት በሰፊው ጀመሩ፣ ደለሉም ከደለሉ ጋር ሚሄደው ፎስፈረስም ቀነሰ፣ ግን የሟሟው ፎስፈረስ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ ጨመረ። ተመራማሪዎች ከሚጠቅሷቸው ምክንያቶች አንዱ ማዳበሪያው ከአፈር ጋር ሳይቀላቀል ላዩ ላይ እየቀረ ዝናብ ሲመጣ ሟሙቶ መሄዱ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ቶሊዶ የተባለችው ከተማ ውሃዋን ከሐይቁ ስለምትቀዳ፣ ፎስፈረስ ሲበዛ ሐይቁ ላይ በሚራባው አልጌ መርዝ ምክንያት ነዋሪዎቿ የቧንቧ ውሃ እንዳይጠጡ ተከልክለው ነበር። ከዛ በ2016 እ.ኤ.አ. አሜሪካና ካናዳ የፎስፈረሱን ጭነት (ወደ ሐይቁ ሚገባውን ጠቅላላ መጠን) ከ2008ቱ እ.ኤ.አ. በ40 በመቶ ለመቀነስ ተስማሙ፣ እንዴት ይደረስበታል ሚለውን ለማየትም የተለያዩ የምርምር ቡድኖች በየራሳቸው የሰሩት ሞዴል ጎን ለጎን ተነጻጸረ። ከዚህ ለኛ ሚሆነን ነገር፣ "ፎስፈረስ" ብላችሁ ብቻ አትጻፉ፣ የትኛውን እንደሆነ ጨምሩበት።

2. ለስራው ሚበቃውን ቀላሉን ሞዴል ምረጡ

ሰው ብዙ ጊዜ ከትልቁ ይጀምራል። እኔ ምመክረው ከቀላሉ ጀምራችሁ ካልበቃ ብቻ ወደላይ መሄድ ነው።

በጣም ቀላሉ ዩኤስኤልኢ ሚባለው ቀመር ነው፣ አምስት ነገር ያባዛል፦ የዝናቡ ኃይል፣ አፈሩ ለመሸርሸር ያለው ተጋላጭነት፣ የተዳፋቱ ርዝመትና ቁልቁለት፣ የሽፋኑ ሁኔታ፣ እና የጥበቃ ስራው። ኪውጂአይኤስ ላይ በራስተር ካልኩሌተር (ካርታዎችን ነጥብ በነጥብ ሚያባዛና ሚደምር መሳሪያ) ይሰራል። ሚሰጣችሁ ከማሳው ሚነቀለውን አፈር ነው፣ ወንዝ ሚደርሰውን አይደለም፣ ከሚነቀለው ብዙው መንገድ ላይ ይቀራል። ኢንቬስት ሚባለው ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ነጻ ሶፍትዌር ይሄን ያሻሽለዋል፣ እያንዳንዷ የካርታ ነጥብ ከወንዙ ጋር ያላትን ግንኙነት አስልቶ የደለልና የንጥረ ነገር (የናይትሮጅንና የፎስፈረስ) ካርታ ያወጣል። የወንዝ ልኬት ከሌላችሁ ወይ ጥናቱ ለመነሻ ብቻ ከሆነ እዚህ ላይ ማቆም ምንም ነውር የለውም።

ቀጥሎ ስዋት አለ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምርምር ክፍል ከቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ጋር ያሳደገው፣ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ የቆየ፣ ዓለም ላይ ለዚህ ስራ በጣም ከሚጠቀሙባቸው ሞዴሎች አንዱ ነው። በየቀኑ ዝናብ ያስገባል፣ ጎርፉን፣ ትነቱን፣ ሰብሉ ሚወስደውን፣ ወደታች ሚሰርገውን፣ ደለሉን፣ ናይትሮጅኑንና ፎስፈረሱን ሁሉ ይከታተላል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ "እዚህ እርከን ብሰራስ፣ ማዳበሪያውን ብቀንስስ" ብላችሁ መሞከር ትችላላችሁ። አዲሱ ስሪት ስዋት ፕላስ ይባላል፣ በኪውጂአይኤስ ላይ ሚጫን ፕለግኢን (ተጨማሪ ፕሮግራም) አለው፣ ሁሉም ነጻ ነው። ከተማ የበዛበት ተፋሰስ ከሆነና የሰዓት በሰዓት ጎርፍ ካስፈለጋችሁ ኤችኤስፒኤፍ ሚባለው ይሻላል፣ አሜሪካ ውስጥ ያለው የቼሳፒክ ቤይ (የባህር ወሽመጥ) ተፋሰስ ሞዴል ለረጅም ጊዜ የተሰራው በሱ ላይ ነው። ከዚህ በኋላ በስዋት እሄዳለሁ፣ አካሄዱ ግን ለሌላውም ያው ነው።

3. ዳታ መሰብሰብ

ካርታዎቹን ማግኘት አሁን ቀላል ነው። የመሬት ከፍታ ከኤስአርቲኤም፣ በ2000 እ.ኤ.አ. የጠፈር መንኮራኩር ላይ በራዳር የተነሳ፣ በ30 ሜትር ጥራት። የመሬት አጠቃቀም ከአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ ወርልድከቨር፣ 10 ሜትር፣ የ2020 እና የ2021 እ.ኤ.አ.። አፈር ከሶይልግሪድስ፣ 250 ሜትር። ዝናብ በመጀመሪያ ከሜትሮሎጂ ጣቢያ፣ ከጎደለ ደግሞ ቸርፕስ ሚባለው የሳተላይትና የጣቢያ ድብልቅ፣ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ አንዷ ነጥብ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ሁሉንም ወደ አንድ ፕሮጀክሽን (ክቡን መሬት ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ማስቀመጫ ስርዓት)፣ በሜትር ወደሚለካ፣ ቀይሩ። አንዱ በዲግሪ ሌላው በሜትር ሆኖ ሲቀር ስፋቱም ተዳፋቱም ይበላሻል፣ ሶፍትዌሩ ደግሞ ሁሌ አያስጠነቅቅም።

የአገር ውስጥ የአፈርና የመሬት አጠቃቀም ካርታ ካለ ከዓለም አቀፉ አስበልጡት፣ ቢያንስ አወዳድሩ። የሳተላይት ካርታ "እርሻ" ብሎ ያለፈው ምን እንደተዘራበት አይነግራችሁም፣ ለሞዴሉ ግን ሽፋኑ ጥቅጥቅ ያለ ሰብልና ዘግይቶ መሬት ሚሸፍን ሰብል ሰማይና ምድር ናቸው።

ከባዱ ዳታ የወንዙ ልኬት ነው፣ የፍሰቱ መጠንና የውሃው ጥራት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ጥናት ሚበላሸው እዚ ነው።

ብዙ ቦታ ናሙና ሚወሰደው በወር አንዴ፣ ቀኑ ጥሩ ሲሆን፣ መንገዱ ሲደርቅ ነው። አሁን ይሄን አስሉት። በካዩ በሚሊግራም በሊትር፣ ፍሰቱ በሜትር ኪዩብ በሴኮንድ ከሆነ ሁለቱን አባዝታችሁ በ86.4 ስታባዙት የቀኑን ጭነት በኪሎግራም ይሰጣችኋል። በበጋ ፍሰቱ 0.8 ሜትር ኪዩብ በሴኮንድ፣ ፎስፈረሱ 0.1 ሚሊግራም በሊትር ቢሆን ጭነቱ በቀን 7 ኪሎ አይሞላም። ጎርፍ የመጣ ቀን ፍሰቱ 12፣ ፎስፈረሱ 0.3 ቢሆን ደግሞ በቀን 311 ኪሎ ነው። አንድ የጎርፍ ቀን 45 የበጋ ቀን አከለ ማለት ነው! ይሄን ቀን ያልለካ ሰው የዓመቱን ጭነት አላወቀም፣ ሞዴሉንም በምን ያስተካክለዋል? ስለዚህ ያለችው የላቦራቶሪ ገንዘብ ትንሽ ከሆነች አብዛኛውን ለጎርፍ ቀናት አውሏት፣ በተለይ ከደረቅ ወራት በኋላ ለሚመጡት የመጀመሪያ ጎርፎች፣ ውሃው ሲጨምርም ሲቀንስም ውሰዱ ምክንያቱም ሲጨምር ያለው ብዙ ጊዜ የበለጠ ቆሻሻ ነው።

ናሙናዎቹን ካገኛችሁ ወደ ሞዴሉ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ግራፍ ስሩ፣ በአግድሙ ፍሰት፣ በቁሙ የበካዩ መጠን። ፍሰት ሲጨምር በካዩ ከቀነሰ ጎርፉ እያቀጠነው ነው፣ ማለትም ምንጩ ዝናብ ማይጠብቅ፣ በየቀኑ ሚፈስ ነገር ነው፣ የፋብሪካ ቱቦ ወይ የከተማ ፍሳሽ። ፍሰት ሲጨምር በካዩም ከጨመረ ከመሬቱ እየታጠበ ነው ሚመጣው። ዋናው ችግራችሁ አንድ ቱቦ ሆኖ ከተገኘ ወራት ሚፈጅ የተፋሰስ ሞዴል አያስፈልጋችሁም፣ ቱቦውን ሄዳችሁ መለካት ነው።

4. ተፋሰሱን መከፋፈል

ስዋት ከከፍታ ካርታው ተነስቶ ወንዞቹን ይስላል፣ ተፋሰሱን ወደ ንዑስ ተፋሰሶች ይከፍላል። መውጫ ነጥብ ስታስቀምጡ የወንዝ መለኪያ ጣቢያ ያለበትን ቦታ፣ ናሙና ሚወሰድበትን ቦታ፣ እና ግድብ ወይ ሐይቅ ያለበትን አትርሱ፣ ልኬትና ሞዴል ሚወዳደሩት እዛ ነጥብ ላይ ነው። ሶፍትዌሩ የሳለውን ወንዝ ከሳተላይት ፎቶ ጋር አስተያዩት፣ ሜዳ መሬት ላይ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል።

ከዛ እያንዳንዱን ንዑስ ተፋሰስ ተመሳሳይ የመሬት አጠቃቀም፣ አፈርና ተዳፋት ወዳላቸው ክፍሎች ይከፋፍላል፣ ኤችአርዩ ይባላሉ። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሶፍትዌሩ "ከ10 በመቶ በታች ያሉትን ልጣላቸው?" ብሎ ይጠይቃችኋል፣ ስራ ስለሚያቀል ሁሉም እሺ ይላል። ግን ምንፈልገው እኮ ትንሽ ሆኖ ብዙ ሚበክለውን ነው! ወንዝ ዳር ያለች 3 በመቶ ምትሆን የአትክልት እርሻ ወይ የከብት ማድለቢያ በዚች ጠቅታ ከሞዴሉ ትጠፋለች። ላፕቶፑ ከቻለ ገደቡን ዜሮ አድርጉት፣ ካልቻለ ጥርጣሬ ያለባችሁን የመሬት አይነቶች እንዳይጣሉ ለይታችሁ አስቀምጡ። ሁለተኛ፣ በድሮው ስዋት አንድ ኤችአርዩ በንዑስ ተፋሰሱ ውስጥ የትም ሊበታተን ይችላል፣ ሞዴሉ ወንዝ ዳር ይሁን ጫፍ ላይ አያውቅም። ስዋት ፕላስ ላይ ቢያንስ የላይኛውን ተዳፋት ከወንዝ ዳሩ ሜዳ መለየት ስለሚቻል አዲስ ከሆናችሁ በሱ ጀምሩ።

5. ሰው ምን እንደሚሰራ ለሞዴሉ መንገር

መቼ ይታረሳል፣ መቼ ይዘራል፣ ምን ያህል ማዳበሪያ በየትኛው ሳምንት ይጨመራል፣ ከብቱ አዝመራው ከተነሳ በኋላ የት ይውላል፣ ይሄን ካላስገባችሁ ሞዴሉ የራሱን ግምት ያስገባል። አንዳንድ ሰው ሰብሉ ሲጎድለው በራሱ ማዳበሪያ ሚጨምረውን አውቶማቲክ ምርጫ ይጠቀማል፣ እንደዛ ሲሆን ሞዴሉ ለሰብሉ ልክ ሚበቃውን ያህል እየሰጠ ይሄዳልና ከሰብሉ ሚተርፈው ማዳበሪያ ከየት ይመጣል? ብክለቱ እኮ ያ ሚተርፈው ነው። ገበሬዎችንና የግብርና ባለሙያዎችን ጠይቁ፣ ከቢሮ ሚወጣው የማዳበሪያ ምክርና ማሳ ላይ ሚጨመረው አንድ አይነት ነው ብላችሁ አትነሱ። ፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ ካለም በየቦታው እንደ ነጥብ ምንጭ (ከአንድ ታወቀ ቦታ ሚወጣ ብክለት) አስገቡ፣ ከረሳችሁት ሞዴሉ የሱን ጥፋት ገበሬው ላይ ይለጥፈዋል።

6. ራን አድርጉ፣ መጀመሪያ ግን ውሃውን እዩ

መጀመሪያ ላይ ያሉትን 2 ወይ 3 ዓመታት ለማሟሟቂያ ተውት፣ አፈሩ ውስጥ ያለው እርጥበት እስኪስተካከል ውጤቱ አይታመንም። ከዛ ፎስፈረሱን ለማየት አትቸኩሉ። የውሃውን ሂሳብ እዩ፣ ከዘነበው ውስጥ ስንቱ ተነነ፣ ስንቱ በላይ ፈሰሰ፣ ስንቱ ሰርጎ ወንዝ ገባ። ደለልም ፎስፈረስም በውሃ ላይ ተሳፍረው ነው ሚሄዱት፣ ውሃው ከተሳሳተ የቀረው ቢስተካከልም በአጋጣሚ ነው።

7. ካሊብሬሽን

እዚጋ የሞዴሉን ፓራሜትሮች (ሞዴሉ ውስጥ ያሉትን ሊቀየሩ ሚችሉ ቁጥሮች) እየነካካችሁ ውጤቱን ከልኬቱ ጋር ታቀራርባላችሁ። ቅደም ተከተሉ ፍሰት፣ ከዛ ደለል፣ ከዛ ንጥረ ነገሮቹ ነው፣ ወደኋላ አይኬድም። ለፍሰት መጀመሪያ ሚነካካው ካርቭ ነምበር ነው፣ ከዝናቡ ምን ያህሉ በላይ እንደሚሄድ ሚወስነው። ከጎርፉ በኋላ ወንዙ ቶሎ ከደረቀ ወይ ቶሎ አልደርቅ ካለ የከርሰ ምድር ውሃ ፓራሜትሮቹን። ያላችሁን ዓመታት ለሁለት ክፈሉ፣ በአንዱ አስተካክሉ፣ ባልነካችሁት በሌላው ፈትኑ።

በቂ ነው ሚባለው መቼ ነው? ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዛት ሚጠቀሙበት መለኪያ በወር ውጤት ላይ ናሽ ሰትክሊፍ ሚባለው፣ ሞዴሉ ከልኬቱ ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም ሚያሳየው ቁጥር (1 ሲሆን ፍጹም ገጥሟል) ከ0.5 በላይ፣ የድምር ስህተቱ ደግሞ ለፍሰት በ25 በመቶ፣ ለደለል በ55፣ ለናይትሮጅንና ለፎስፈረስ በ70 በመቶ ውስጥ እንዲሆን ነው። 70 በመቶ! ይሄ ነው መጀመሪያ ላይ ስለ ቁጥሩና ስለ ደረጃው ያልኩት፣ ተቀባይነት ያለው ሞዴል እንኳን የፎስፈረሱን መጠን እስከዚ ድረስ ሊስት ይችላል፣ ስለዚህ "በዓመት 1,847 ኪሎ" ብላችሁ ሪፖርት ላይ አትጻፉ።

አውቶማቲክ ማስተካከያ ሶፍትዌሮች አሉ፣ ተጠቀሙ፣ ግን ሚመልሱትን እሴት በአይናችሁ እዩ። ውጤቱ እንዲያምር ብሎ ደን ላይ ከእርሻ የበለጠ ጎርፍ ሚያስወርድ ፓራሜትር ሊሰጣችሁ ይችላል። መውጫው ላይ ያለው ግራፍ ቢያምርም ውስጡ ያለው ካርታ ውሸት ከሆነ ለኛ ስራ ዋጋ የለውም፣ እኛ ምንጠቀመው ካርታውን ነው።

8. ደረጃ ማውጣት

አሁን ወደ ዋናው ደርሰናል። ከሞዴሉ የብዙ ዓመት አማካይ አውጡና ሁለት አምድ ስሩ፣ አንዱ ጠቅላላ ጭነት፣ ሌላው በሄክታር ሲካፈል። ሁለቱ የተለያየ ነገር ይነግሯችኋል። ለማሳያ ይሁን፣ አንዱ ንዑስ ተፋሰስ 4,000 ሄክታር ሆኖ በሄክታር 0.4 ኪሎ ፎስፈረስ ቢያወጣ ድምሩ 1,600 ኪሎ ነው። ሌላው 500 ሄክታር ሆኖ በሄክታር 2.6 ቢያወጣ 1,300 ኪሎ ነው። በጠቅላላው የመጀመሪያው ይበልጣል፣ ብዙ ሰውም እሱን ይመርጣል። አሁን ሁለቱም ላይ ሰርታችሁ 40 በመቶ ቀነሳችሁ እንበል። በመጀመሪያው 4,000 ሄክታር ለፍታችሁ 640 ኪሎ ቀነሳችሁ፣ በሄክታር 0.16 ማለት ነው። በሁለተኛው 500 ሄክታር ሰርታችሁ 520 ኪሎ ቀነሳችሁ፣ በሄክታር 1.04። ያው አንድ ሄክታር ላይ ሚፈስ ጉልበት ስድስት ተኩል እጥፍ ውጤት ሰጠ።

ግን አላለቀም። መጀመሪያ የጻፋችሁት ዓረፍተ ነገር ላይ "የት ቦታ ላይ ሲለካ" ሚል ነበር። ከሁለተኛው ንዑስ ተፋሰስ በታች ረግረግ ቢኖርና ግማሹን ቢያስቀር ሐይቁ ጋ ሚደርሰው ቅነሳ 260 ኪሎ ብቻ ነው፣ በሄክታር 0.52። አሁንም ይበልጣል፣ ግን ክፍተቱ ጠበበ፣ ረግረጉ ጠንከር ቢል ኖሮ ደረጃው ይገለበጥ ነበር። ስለዚህ ከማሳው ሚወጣውን ሳይሆን እናንተ ምትጨነቁበት ቦታ ሚደርሰውን ደርድሩ።

ከዛ ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድራችሁ እየደመራችሁ ግራፍ ስሩ፣ በአግድሙ የመሬቱ ስፋት ድምር፣ በቁሙ የብክለቱ ድምር። መጀመሪያ ላይ በኃይል ይወጣል፣ ከዛ የሆነ ቦታ ላይ ይተኛል። ሚተኛበት ቦታ ላይ መስመር አስምሩ፣ ከዛ በፊት ያለው ነው የናንተ ስራ ቦታ። ግራፉ ምንም ካልታጠፈና ቀጥ ብሎ ከወጣ ደግሞ ብክለቱ እውነትም የተበተነ ነው፣ ያኔ ቦታ መምረጥ ብዙ አያተርፍም፣ እንደ ማዳበሪያ አጠቃቀም ያለ ሁሉንም ሚነካ ስራ ይሻላል።

9. ደረጃው ይጸናል ወይ?

ይሄን ሰው ይዘለዋል፣ እኔ ግን ከሁሉም አስበልጠዋለሁ። ከካሊብሬሽኑ ያገኛችሁት አንድ የፓራሜትር ስብስብ ብቻ አይደለም፣ እኩል ደህና ውጤት ሚሰጡ ብዙ ስብስቦች አሉ። የተወሰኑትን ውሰዱና ደረጃውን በእያንዳንዱ እንደገና አውጡ። በሁሉም ላይ ከላይ ሚመጣ ቦታ ካለ በሙሉ ልብ ሂዱበት። አንዴ ሦስተኛ አንዴ ሃያኛ ሚሆን ቦታ ካለ ግን ገንዘብ ከማፍሰስ በፊት ሄዶ መለካት ይቀድማል።

10. ሂዱና እዩት

ካርታውን አትማችሁ ወይ ስልካችሁ ላይ ጭናችሁ ቀይ የሆኑትን ቦታዎች በእግር ሂዱባቸው፣ ከተቻለ እየዘነበ። ምን ታያላችሁ? ውሃው ከማሳው ወጥቶ በየት በኩል ወንዝ ይገባል፣ ድፍርስ ነው ወይ፣ መንገድና ቦይ ያሳጥሩለታል ወይ፣ ወይስ መሀል ላይ ሣር አለና እዛ ላይ ጠርቶ ይቀራል። የ30 ሜትር ካርታ አንድ ሜትር ስፋት ያላትን ቦይ አያያትም፣ እሷ ግን ማሳውን በቀጥታ ከወንዙ ጋር ልታገናኘው ትችላለች።

ቦረቦርን በተለይ ፈልጉ። ስዋትም ዩኤስኤልኢም ሚያሰሉት ከማሳው ገጽ ላይ በስሱ ሚታጠበውን ነው፣ ቦረቦር ተቆርሶ ሚሄደውን አፈር አያዩትም፣ የወንዝ ዳር መናድንም በደንብ አይዙትም። ቦረቦር በበዛበት ተፋሰስ ላይ ካርታው አረንጓዴ ያለው ቦታ ዋናው የደለል ምንጭ ሊሆን ይችላል። በሳተላይት ፎቶ እየተከተላችሁ ቦረቦሮቹን ሳሉና በሞዴሉ ካርታ ላይ ደርቡት። እዛ ሚኖሩትን ሰዎችም ጠይቁ፣ ወንዙ ከየትኛው ገባር ሲገባበት ቀለሙ እንደሚቀየር ከነሱ በላይ ሚያውቅ የለም፣ አባባላቸውና ካርታው ካልተስማሙ አባባላቸውን ትታችሁ አትለፉ፣ ለምን እንዳልተስማማ እስኪገባችሁ ድረስ ቁጭ በሉበት።

11. ምን እንስራ ሚለውን ሞዴሉ ላይ ሞክሩ

ቦታው ታወቀ፣ አሁን ስራው። እርከን፣ ከወንዙ ዳር የሣር ማጣሪያ፣ ማዳበሪያ መቀነስ ወይ ጊዜውን ማስተካከል፣ ከብት ከወንዝ ዳር መከልከል፣ እያንዳንዱን ለብቻው ሞዴሉ ላይ አስገብታችሁ ራን አድርጉና ምን ያህል እንደቀነሰ እዩ፣ ወጪውን በቀነሰው ኪሎ አካፍሉት፣ አንድ ኪሎ ለመቀነስ ስንት ወጣ ሚለውን ታገኛላችሁ። ከዛ ደግሞ በጥምር። ጥምሩ ላይ ዝም ብላችሁ አትደምሩ፣ አንዱ 30 ሌላው 20 በመቶ ቢቀንስ አንድ ላይ 50 አይሆንም፣ ሁለተኛው ሚሰራው ከተረፈው 70 ላይ ስለሆነ 44 ነው።

የሣር ማጣሪያው ላይ ጠንቀቅ በሉ። ሞዴሉ ውሃው በማጣሪያው ላይ በእኩል ተዘርግቶ ሚያልፍ አድርጎ ስለሚያሰላ ጥሩ ቁጥር ያወጣል፣ መሬት ላይ ግን ውሃ ተሰብስቦ በአንድ ቀዳዳ ሰንጥቆት ያልፋል። በእግር ስትሄዱ እነዛን መሰንጠቂያዎች ምልክት አድርጉባቸው፣ ማጣሪያው እዛ ጋ ሰፊ መሆን አለበት። ባለቤቱ ማይስማማበት መሬትም ሞዴሉ ላይ አንደኛ ስለወጣ ብቻ አይሰራበትም፣ ስለዚህ ከሚያስፈልጋችሁ በላይ ቦታ መርጣችሁ ያዙ።

12. ከተሰራ በኋላ መለካት

ስራው ከመጀመሩ በፊት፣ ቢያንስ ከአንድ የዝናብ ወቅት ቀድማችሁ፣ ከተመረጠው ንዑስ ተፋሰስ መውጫ ላይ መለካት ጀምሩ፣ ጎን ለጎን ደግሞ ምንም ማይሰራበት ተመሳሳይ ንዑስ ተፋሰስ ላይ። ያለዚያ ዓመቱ ዝናብ ያነሰበት ሆኖ ብክለቱ ሲቀንስ እርከኑ ነው የቀነሰው ትላላችሁ፣ ዝናቡ ሲበዛ ደግሞ ስራው አልሰራም ተብሎ በጀቱ ይቋረጣል። ዋናው ወንዝ ላይ ብቻ ከለካችሁ ለውጡን ማየት ይከብዳል፣ ከሌላው ሁሉ ጋር ይቀላቀላል።

ደለል ላይ ለውጥ በቶሎ ልታዩ ትችላላችሁ። ፎስፈረስ ይዘገያል ምክንያቱም ለዓመታት አፈሩና የወንዙ አልጋ ውስጥ የተከማቸው ማዳበሪያው ቢቆምም መውጣቱን ይቀጥላል። ናይትሬት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ስለሆነ ከሁሉም ይቆያል። ይሄን ገንዘብ ለሚሰጠው አካል ስራው ሳይጀመር በጽሁፍ ንገሩት፣ በየትኛው ዓመት የትኛው በካይ ላይ ለውጥ እንደሚጠበቅ ለይታችሁ። አዲሱ ልኬት ሲመጣ ወደ ሞዴሉ መልሱትና እንደገና አስተካክሉት፣ ደረጃውንም እንደገና አውጡ፣ ቀጣዩ ዓመት ሚሰራበት ቦታ ሚመረጠው ከዛ ከአዲሱ ዝርዝር ነው።